ከሩቅ የሚሰማው ከበሮው ነው

እቴቴ ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ብርዱ ነው። ቀጥሎ በልቼ እንደሆነ። ሦስተኛው ጥያቄዋ ካገር ከወጣሁ ጀምሮ አልተለወጠም።

«ሥራህን ምንድነው ነበር ያልከኝ?»

«አልትራሳውንድ ነው እቴቴ።»

«እህ! እርጉዝ ታያለህ ማለት ነው?»

አላይም። አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ግን አዲስ አበባ ያለው ዘመድ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያውቀኝ። ባለፈው ዓመት የአጎቴ ልጅ ሚስት ምስሏን በቴሌግራም ልካ «እስቲ እየው፣ ወንድ ነው ሴት?» አለችኝ። እኔ የታየኝ ግራጫ ደመና ነው። «ቆንጆ ነው» ብዬ አለፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪም ቤት ሄዳችሁ አልትራሳውንድ ስትነሱ፣ ጄል በተቀባ ሆድ ላይ የምትንሸራተት እጀታ አለች። ከእጀታዋ ጫፍ፣ ከሽፋኑ ሥር፣ ኤሌክትሪክን ወደ ድምፅ፣ ድምፅን ደግሞ መልሳ ወደ ኤሌክትሪክ የምትለውጥ ክፍል ተቀምጣለች። ትራንስዱሰር ትባላለች። እኔ ትራንስዱሰር እሠራለሁ። ፈረንሳይ አገር፣ ዘጠኝ ሰው ባለበት ትንሽ ወርክሾፕ ውስጥ። የእኛዎቹ ግን ለማየት አይደሉም። ለማቃጠል ናቸው። ቆዳ ሳይቀደድ፣ ስፌት ሳያስፈልግ፣ ሰውነት ውስጥ ያለች አንዲት ነጥብ ብቻ አብስለው እንዲተዉ ነው የሚሠሩት።

«ድምፅ እንዴት ያቃጥላል?» አለችኝ እቴቴ አንድ ቀን። ሥራዬን ከልቧ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

በልጅነቴ እሷ ግቢ ውስጥ በአጉሊ መነጽር ፀሐይ እየሰበሰብኩ ወረቀት አቃጥል ነበር። አንዴ የግድግዳ ካሌንደሯን ነሐሴ ላይ በስቼባታለሁ። እስካሁን አልረሳችውም። ስለዚህ ከዚያ ጀመርኩላት። ድምፅም እንደ ፀሐይ ይሰበሰባል። ትራንስዱሰሩን እንደ ጎድጓዳ ሳህን አድርጋችሁ ብትሠሩት፣ ከየቦታው የሚነሳው ድምፅ ሁሉ ፊት ለፊት አንድ ነጥብ ላይ ይገናኛል። ቆዳው ላይ ሲያልፍ ተበታትኖ ስለሆነ አይሰማም። የሚገናኝበት ቦታ ላይ ግን ሥጋው በሴኮንዶች ውስጥ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል። እንቁላል ነጩ ሲነጣ እንደምታዩት ሆኖ ይበስላል። በነገራችን ላይ እንቁላል ያልኩት ለምሳሌ ብቻ አይደለም። የእንቁላል ነጭ ያለበት ጄል እየሠራን እንሞክርበታለን። የነጣው ቦታ ወለል ብሎ ይታያል። የወርክሾፓችን ፍሪጅ ውስጥ ያለውን እንቁላል ማንም ለቁርስ አይነካውም።

አጉሊ መነጽሩ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። ፀሐይ አየሩን አልፋ ስትመጣ የምትከፍለው ብዙም የለም። ድምፅ ሥጋ ውስጥ ሲያልፍ ግን በየሴንቲሜትሩ ቀረጥ ይከፍላል። ይህን ለማስረዳት ሌላ ምሳሌ ፈለግኩ።

«እቴቴ፣ ሰፈር ውስጥ ሠርግ ሲኖር፣ ማታ አልጋሽ ላይ ሆነሽ ምንድነው የሚሰማሽ?»

«ከበሮው ነዋ። ዱም ዱም ሲል ያድራል።»

«ዘፋኙስ?»

«ኧረ የሱን ማን ይሰማዋል! እዚያው ድንኳኑ ውስጥ ይቀራል።»

የእኔ ሙያ ከሞላ ጎደል ይኸው ነው። ወፍራም ድምፅ ሩቅ ይሄዳል። ቀጭን ድምፅ መንገድ ላይ ያልቃል።

አሁን ቁጥሩን ላስገባ። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20 ሺህ ጊዜ የሚርገበገበውን ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ አልትራሳውንድ ነው። እኛ የምንቆጥረው በሚሊዮን ነው። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ሲሆን 1 ሜጋኸርዝ ይባላል። የሰው ሥጋ ደግሞ፣ በአማካይ ሲታሰብ፣ ለእያንዳንዱ ሜጋኸርዝ በየሴንቲሜትሩ ግማሽ ዲሲቤል ያህል ይበላል። ዲሲቤሉን ተዉትና ውጤቱን እዩት። የ1 ሜጋኸርዝ ድምፅ 8 ሴንቲሜትር ሥጋ ውስጥ ከገባ በኋላ 40 ከመቶ ያህል ጉልበት ይተርፈዋል። 5 ሜጋኸርዝ ከሆነ እዚያው ጥልቀት የሚደርሰው 1 ከመቶ ነው። 10 ሜጋኸርዝ ከሆነ ከ10 ሺህ አንድ እጅ። ቀሪው መንገድ ላይ፣ ልታቃጥሉት ያልፈለጋችሁትን ሥጋ እያሞቀ ቀረ ማለት ነው።

ታዲያ ምን አደከማችሁ፣ ሁሉንም በወፍራሙ ሥሩት ትሉ ይሆናል። ወፍራም ድምፅ ደንባራ ነው። ሥጋ ውስጥ የ1 ሜጋኸርዝ ድምፅ አንዷ ሞገድ 1.5 ሚሊሜትር ትረዝማለች። ድምፅን ምንም ያህል ብትሰበስቡት ከሞገዱ ብዙ ወዳነሰ ቦታ አይገባላችሁም። የጎድጓዳው ስፋትና የትኩረቱ ርቀት እኩል ቢሆኑ፣ 1 ሜጋኸርዝ የምታበስለው ቦታ ስፋቷ 1.5 ሚሊሜትር፣ ርዝመቷ ወደ 1 ሴንቲሜትር ይሆናል። ትንሽ ረዘም ያለች የስንዴ ፍሬ በሏት። ወደ 4 ሜጋኸርዝ ስትወጡ ስንዴዋ አንሳ ጤፍ ልታክል ትደርሳለች። 20 ሜጋኸርዝ ላይ ሞገዱ 0.075 ሚሊሜትር ነው። ከወረቀት ይቀጥናል።

ስለዚህ ትራንስዱሰር ሲነደፍ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ኤሌክትሪክ አይደለም። በሽታው ምን ያህል ሩቅ ነው? ጎረቤቱስ ማን ነው? ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ሩቁን ለማየት የአንጎሉን መሣሪያ ውሰዱ። እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ ማንኪያ እንኳ አፍ ድረስ የማያደርስ ሕመም አለ። የእስራኤሉ ኩባንያ ኢንሳይቴክ የሠራው መሣሪያ የአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ2016 ነው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። እንደ ሄልሜት ራስ ላይ ይገባል። ውስጡ 1,024 ትንንሽ ትራንስዱሰሮች ተደርድረዋል። ጭንቅላቱ ይላጫል። የራስ ቅሉ ድምፁን እየበላ እንዳይግል ቀዝቃዛ ውኃ ይዞርበታል። ታካሚው ነቅቶ ኤምአርአይ ውስጥ ይተኛል፤ በመሃል እየወጣ ብዕር ይዞ ክብ በክብ መስመር ይስላል። መጀመሪያ መብረቅ የመሰለው መስመር ቀስ በቀስ ይቃናል። ቪዲዮውን ሳየው ሁሌ ሆዴ ይባባል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በ0.65 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። አጥንት ቀጭን ድምፅ አያሳልፍማ። ያ ነው ከበሮው።

የእኔ ሥራ ግን ከዘፋኙ ወገን ነው። 20 ሜጋኸርዝ አካባቢ። ሠላሳ እጥፍ የቀጠነ።

ወደ ኋላ ትንሽ ልመለስ። ነገሩን የጀመሩት ወንድማማቾቹ ዣክና ፒየር ኩሪ ናቸው። በ1880 አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ ኤሌክትሪክ እንደሚያወጡ አሳዩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የፒየር ተማሪ የነበረው ፖል ላንዥቫን ይህንኑ ይዞ ሰርጓጅ መርከብ በድምፅ ሊያገኝ ውኃ ውስጥ ሲሞክር፣ በጨረሩ መንገድ የገቡ ትንንሽ ዓሦች ሞቱበት። እጁን ሲያስገባም አመመው። እኔ በበኩሌ የሙያችን ልደት ብዬ የምቆጥረው እነዚያን ዓሦች ነው። ከዚያ በ1950ዎቹ፣ አሜሪካ ኢሊኖይ፣ ዊልያምና ፍራንሲስ ፍራይ የሚባሉ ሌሎች ወንድማማቾች አንጎል ውስጥ ያለ ነጥብ በድምፅ አቃጠሉ። ለድምፁ መንገድ ግን የራስ ቅሉን ቆርጠው መክፈት ነበረባቸው። ሳይከፈት እስኪቻል ስንት አሥር ዓመት እንደወሰደ ከላይ አይታችኋል።

ዛሬ ክሪስታሉን በሴራሚክ ተክተነዋል። ሊድ፣ ዚርኮኒየምና ታይታኒየም ያለበት፣ ፒዜድቲ የምንለው ነገር ነው። ሲታይ የተሰበረ የሲኒ ስብርባሪ ይመስላል። አማርኛ እዚህ ላይ ፊዚክሱን ቀድሞ ያውቀዋል። «ቀጭን ድምፅ» እንላለን አይደል? ቀጭን ድምፅ የሚወጣው ከቀጭን ነገር ነው። ሴራሚኩ በደንብ የሚጮኸው ውፍረቱ በራሱ ውስጥ የሚሄደውን ሞገድ ግማሽ ሲያክል ነው። ለ1 ሜጋኸርዝ 2 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። እጃችሁ ላይ ይዛችሁት ቡና መጠጣት ትችላላችሁ። ለ20 ሜጋኸርዝ 0.1 ሚሊሜትር ነው። እሱን ይዛችሁ መተንፈስም ያስፈራል።

0.1 ሚሊሜትር እንዲሁ ተሠርቶ አይመጣም። ወፈር ያለውን በሰም መስተዋት ላይ አጣብቀን በደቃቅ ዱቄትና በውኃ እንፈገፍገዋለን። እንለካለን። እንፈገፍጋለን። እንለካለን። ወርክሾፑ ውስጥ ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ቴክኒሻን አለ። የመጀመሪያ ሳምንቴን ዝም ብሎ አየኝ። ከ14 ሳህን 11 ሰበርኩ። ሲሰበር ድምፅ እንኳ የለውም። አንዲት ፀጉር የመሰለች መስመር ብቻ ብቅ ትላለች። በሳምንቱ መጨረሻ መጥቶ እጄን ከላዩ ላይ አነሳውና «ተወው፣ ክብደቱ ራሱ ይሠራዋል» አለኝ። አምስት ቀን ሙሉ ይህን ሊነግረኝ አይችልም ነበር? አልጠየቅኩትም። (ዱቄቱ መርዛማው ሊድ ስላለበት በእርጥቡ ነው የሚፈገፈገው፤ ጓንትና ጭንብልም ግድ ነው። እቴቴ ይህን ስትሰማ ስለ ሥራው ሌላውን ሁሉ ትታ ወተት እንድጠጣ መከረችኝ።)

ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሳህኑ ሲቀጥን ኤሌክትሪኩም ይበላሻል። አንድ ሴንቲሜትር በአንድ ሴንቲሜትር የሆነ፣ 0.1 ሚሊሜትር የቀጠነ ሴራሚክ 20 ሜጋኸርዝ ላይ ለኤሌክትሪኩ ምን ያህል ይከላከላል ብዬ ባሰላ 1.5 ኦም ገደማ ወጣልኝ። መሣሪያዎቻችን የሚጠብቁት 50 ኦም ነው። ሽቦውን በቀጥታ ብታገናኙት ኃይሉ አብዛኛው ተመልሶ ወደ መጣበት ይሄዳል። መፍትሔው ወይ መሃል ላይ የሚያስማማ ሰርኪዩት መሥራት፣ ወይ ሴራሚኩን ማሳነስ፣ አለዚያም ሁለቱንም ነው። በቀጭን ድምፅ ዓለም ትልቅ ነገር መሥራት ከባድ ነው።

ወደ ጎድጓዳነቱ ስንመጣ ደግሞ፣ እንዲህ የቀጠነውን እንዴት ታጎብጡታላችሁ? ጠፍጣፋ ትታችሁት ፊቱ ላይ ሌንስ መለጠፍ አንዱ መንገድ ነው። የድምፅ ሌንስ የመነጽር ተቃራኒ መሆኑን ሳውቅ ለሁለት ቀን ተገርሜያለሁ። ብርሃንን የሚሰበስብ ሌንስ መሃሉ ያበጠ ነው። ድምፅን የሚሰበስበው የአሉሚኒየም ሌንስ ግን መሃሉ የጎደጎደ ነው። ምክንያቱም ብርሃን መስተዋት ውስጥ ሲገባ ይዘገያል፣ ድምፅ ግን ብረት ውስጥ ሲገባ ከውኃው ይልቅ ይፈጥናል። ሌላው መንገድ ሴራሚኩን ከመጀመሪያው እንደ ቧንቧ ክፋይ ጎበጥ አድርጎ መሥራት ነው። ያኔ ድምፁ የሚሰበሰበው በነጥብ ሳይሆን በመስመር ላይ ነው። ይህን መስመር ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሙጫው። ሥራዬን ከምንም በላይ የሚወስነው ሙጫ ነው ብል የዩኒቨርሲቲ መምህሮቼ ያዝኑብኛል። ግን እውነት ነው።

ድምፅ ከሴራሚክ ወደ ውኃ በቀላሉ አይሻገርም። ሴራሚኩ ለድምፅ ያለው ክብደት፣ እንዲህ ካልነው፣ ከውኃው ሃያ እጥፍ ይበልጣል። ድንበሩ ላይ ከደረሰው 100 እጅ 82ቱ ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል፤ እዚያው ሲመላለስ ከፊሉ ሴራሚኩን ያሞቀዋል። ስለዚህ በሁለቱ መሃል አስታራቂ ሽማግሌ እናስገባለን። ከሴራሚኩ የሚቀል፣ ከውኃው የሚከብድ፣ የብረት ብናኝ የተቀላቀለበት፣ ኢፖክሲ የሚባል ሙጫ። ውፍረቱ የሞገዱ ሩብ መሆን አለበት። በ1 ሜጋኸርዝ ከግማሽ ሚሊሜትር በላይ ነው፤ ትንሽ ብትሳሳቱ ማንም አያውቅባችሁም። በ20 ሜጋኸርዝ ግን 30 ማይክሮን ገደማ ነው፤ አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ሁለት ነገር የሚያጣብቅ ተራ የሙጫ ንብርብር እንኳ 5 ማይክሮን ይሆናል። በወፍራሙ ድምፅ ዘንድ ሙጫ ሙጫ ነው። በቀጭኑ ዘንድ ሙጫው ራሱ የማሽኑ አካል ነው።

በጀርባ በኩል ደግሞ ምንም አንለጥፍም። አየር ነው። ለምስል የሚሠሩት ትራንስዱሰሮች ጀርባቸው ላይ ድምፁን የሚያፍን ነገር አላቸው፤ አጭር «ጠቅ» ብለው ዝም ማለት አለባቸውና። እኛ የምንፈልገው ጉልበት ነው። አየር ድምፅን ጨርሶ አይቀበልም፣ ሁሉንም ወደ ፊት ይመልሰዋል። አየር ከኋላ ስትሆን ወዳጅ ናት ማለት ነው። ከፊት የመጣች ዕለት ግን ጉድ ነው።

የመጣችብኝን ዕለት ልንገራችሁ። ስድስት ሴራሚኮች በቀለበት የተደረደሩበት ሙከራ እየሠራን ነበር። ቀኑ የገና ዋዜማ ነው። የእኛ ገና። እዚህ አገር ተራ የሥራ ቀን ነው። ማታ አበሾች ቤት ተጠርቻለሁ፤ ዶሮ ወጡ ከጠዋት ጀምሮ እሳት ላይ እንዳለ በፎቶ እየተላከልኝ ነው። ኢፖክሲው ከተበጠበጠ በኋላ አየሩ እንዲወጣለት ቫኪዩም ውስጥ ይገባል። እዚያ ውስጥ ልክ እንደ ጀበና ይገነፍላል፤ ከዚያ አረፋው ይወርዳል፤ ትጠብቃላችሁ፤ ደግሞ ትንሽ ይገነፍላል። መጽሐፉ የሚለውን ያህል መጠበቅ ነው። እኔ አሥር ደቂቃ ቀደም ብዬ አወጣሁት። ዓይኔ አረፋ አላየም። ሄድኩ።

ዶሮው ግሩም ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ስንለካ ከስድስቱ አንዷ ደካማ ሆነች። ሌሎቹ ከሚሰጡት 60 ከመቶ እንኳ አትሰጥም። ሽቦውን ጠረጠርን። ሰርኪዩቱን ቀየርን። ኬብሉን አሳጠርን። ብየዳው ላይ ካውያው ብዙ ቆይቶ ሴራሚኩን አሙቆት ይሆን ተባለ። ሴራሚኩ ከልክ በላይ ከጋለ የመጨመቅ ችሎታውን ጨርሶ ይረሳዋል፤ የሚረሳበት የሙቀት ልክ እንኳ በኩሪ ስም ነው የሚጠራው። በመጨረሻ አዛውንቱ ቴክኒሻን «እንቁረጠው» አለ። ቆርጠን በማይክሮስኮፕ አየነው። ሙጫው ውስጥ፣ ከአሸዋ ቅንጣት ያነሰች የአየር ኪስ። ቁጭ ብላለች። ሁለት ወር ሥራ።

ቴክኒሻኑ ቀና ብሎ አየኝ። «በዚያ ቀን ቸኩለህ ነበር?» አለኝ። ገና እንደነበር ነገርኩት። «ገና እኮ ዲሴምበር መጨረሻ ላይ አለፈ» አለ። የሁለት ካሌንደር ሰው መሆን እንዲህ ያስጠረጥራል።

አየሯ ውኃ ውስጥም አለች። ስንለካ ትራንስዱሰሩን ውኃ ገንዳ ውስጥ እናስገባዋለን፤ ተራ የቧንቧ ውኃ ግን አይሆንም። ውስጡ የሟሟው አየር በድምፁ ተስቦ አረፋ ሆኖ ይወጣና ፊቱ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ውኃው አየሩ ይወጣለታል። ትልልቆቹ ቤቶች ለዚህ ማሽን አላቸው። እኛ ማሽናችን የተበላሸ ጊዜ በድስት አፍልተን፣ ከድነን፣ አቀዝቅዘን ተጠቅመናል። ከስድስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በኋላ ውኃ ሳፈላ ማየት ለእናቴ ጥሩ ትዕይንት በሆነ ነበር።

ኃይሉን የምንለካው ደግሞ በሚዛን ነው። በቀልድ አይደለም፤ ድምፅ ይመዘናል። ድምፅ ሲመታ ይገፋል። ከሥሩ ሚዛን ላይ ድምፁን የሚውጥ ነገር ታስቀምጣላችሁ፣ ከላይ ትራንስዱሰሩን ትከፍታላችሁ፣ ቁጥሩ ይጨምራል። አንድ ዋት ድምፅ 68 ሚሊግራም ያህል ይመዝናል። በሁለት ጣት የምትቆነጠር ጤፍ በሏት። የሠራሁት ነገር መጀመሪያ ሚዛኑን ሲያንቀሳቅስ ያየሁ ቀን ብቻዬን ሳቅሁ።

ጨረሩ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ግን ሃይድሮፎን ያስፈልጋል። ውኃ ውስጥ የሚሰማ ማይክሮፎን ማለት ነው። ለ20 ሜጋኸርዝ ሞገዱ 0.075 ሚሊሜትር ስለሆነ የሃይድሮፎኑ ጫፍ ከዚያ ማነስ አለበት። የእኛው 0.04 ሚሊሜትር ነው። መርፌ ይመስላል። ዋጋው ከወር ደሞዜ ይበልጣል። አንድ ቀን ማጉያውን ከትናንት በነበረበት ከፍተኛ ቦታ ላይ ሳላይ አበራሁት፤ መርፌዋ ትኩረቱ ነጥብ ላይ ነበረች። ለአንድ ሴኮንድ ያህል ቆንጆ ምልክት አየሁ። ከዚያ ቀጥ ያለ መስመር። አለቃዬ ምንም አላለችኝም። ማጉያው ላይ በትልቁ «ዝቅ ነው?» የሚል ወረቀት ለጠፈች። እስካሁን አለ።

አሁን ወደ መስመሩና ወደ ቀለበቱ ልመለስ።

ዓይናችን ውስጥ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ይመነጫል፣ ይፈሳል። የሚመነጨው ሲሊያሪ ቦዲ ከሚባል፣ ከባለቀለሙ የዓይን ክፍል ጀርባ ዙሪያውን ከተቀመጠ ቀለበት መሰል ሥጋ ነው። መውጫው ሲጠብ ግፊቱ ይጨምርና ከኋላ ያለውን ነርቭ ቀስ እያለ ይገድለዋል። ግላኮማ ነው፤ ብዙ ሰው «የዓይን ግፊት» የሚለው። መውጫውን ማስፋት ካልተቻለ ምንጩን መቀነስ ይቻላል። ኒውዮርክ ውስጥ ኮልማንና ሊዚ የሚባሉ የዓይን ሐኪምና የድምፅ ተመራማሪ ይህን በተሰበሰበ አልትራሳውንድ ሞከሩ። መሣሪያው በ1988 የአሜሪካ ፈቃድ አገኘ፤ በ4.6 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ነበር። ግን ትልቅና አስቸጋሪ ስለነበር ሌዘር ሲመጣ ወደ ጎን ተባለ።

ከዚያ ሊዮን አጠገብ አይቴክኬር የተባለ ኩባንያ ሌላ መንገድ ይዞ መጣ። ስድስት የቧንቧ ክፋይ የመሰሉ ትንንሽ ትራንስዱሰሮች በቀለበት ተደርድረው፣ በ21 ሜጋኸርዝ። ዓይኑ ላይ ትንሽ ፈሳሽ የያዘ ማቀፊያ ይቀመጣል፣ ቀለበቱ ይገባበታል። ስድስቱ ተራ በተራ ለጥቂት ሴኮንድ ይሠራሉ። እያንዳንዱ የሚያቃጥለው መስመር ነው፣ መስመሮቹም ቀለበቱን ተከትለው ይተኛሉ። የእኔ ወርክሾፕ ያንን አልሠራም። ግን ሥዕሉን መጀመሪያ ያየሁ ቀን በቅናት አቃጠለኝ። ነጥብ አልፈለጉም። በሽታው ቀለበት ስለሆነ ድምፁን ቀለበት አደረጉት።

በጣም የምወደው ግን ፍሪኩዌንሲው፣ የድምፁ ቅጥነት፣ ነው። ሲሊያሪ ቦዲ ከላይ ሲቆጠር ቢበዛ ሁለት ሚሊሜትር ያህል ነው ጥልቀቱ። ያን ተራ ሥጋ ብንለው እንኳ 21 ሜጋኸርዝ ሁለት ሚሊሜትር ሲያልፍ 60 ከመቶ ያህሉ ይተርፋል። ይበቃል። ከዚያ በኋላ ግን በየሚሊሜትሩ ቶሎ ቶሎ እየደከመ ይሄዳል። ከኋላ ያለው ስስ የዓይን ክፍል ዘንድ በጉልበቱ አይደርስም። ሰው ሁሉ የቀጭን ድምፅ ጉድለት የሚለው፣ ሩቅ አለመሄዱ፣ እዚህ ቦታ ላይ የተፈለገው እሱ ነው። ፕሮስቴት ላይ፣ 4 ሴንቲሜትር ገብቶ፣ ይኸው ድምፅ ከ10 ሺህ አንድ እጁ እንኳ አይተርፍም። እዚያ 3 እና 4 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠራው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው እቴቴ ግላኮማ ስላለባት ነው ብል ውሸት ይሆናል። እዚህ ሥራ የገባሁት ክፍት ቦታ ስለነበር ነው። የእሷ የታወቀው ከዚያ በኋላ ነው። የበሩን ጉበን በትከሻዋ እየመታች «እርጅና ነው» ስትል ቆይታ፣ ለማንበቢያ መነጽር ብላ ስትሄድ የእይታዋ ዳር እንደጠበበባት ተነገራት። አሁን ቲሞሎል የሚባል የዓይን ጠብታ ትጨምራለች፤ ጠዋትና ማታ።

ባለፈው እሑድ ስለ ቀለበቱ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ሠርጉም ከበሮውም ገብቷት ነበር።

«ታዲያ ለኔ ዓይን ይሆናል?»

የጠፋው እንደማይመለስ ነገርኳት። በጠብታውም፣ በድምፁም፣ በቢላውም አይመለስም። ግፊቱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ። ለሁሉም ሰው እኩል አይሠራም፤ የሚደገምለትም አለ። የአንቺ ደግሞ በጠብታው ልክ ላይ ነው፣ ሐኪምሽም ያለሽ እሱን ነው አልኳት። ረጅም ዝምታ ሆነ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«እቴቴ?»

«አለሁ። ሰዓቱ ደርሷል፣ ልጨምረው ነው። ቆይ እንዳትዘጋው።»

ስልኩን ስታስቀምጠው ሰማሁ። ወንበር ተንቋቋ። ክዳኑ ተከፈተ። እኔ በሚሊሜትር አንድ አሥረኛ የምጣላ ሰውዬ ትንፋሼን ይዤ ጠበቅሁ።

«እሰይ» አለች። ከዚያ ሳቀች። «ጉንጬ ላይ ወረደ። ቆይ፣ እንደገና።»